አርባ ሲቆጠር

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ አስፋልቱ ካለቀ፣
ጥቁሩ መረሬ ጫማ እየነጠቀ፣
አንድ ጉድጓድ አለ ሁለት ፎቅ የሚውጥ፣
በፕላን ቤዝመንት ነው፣ በነሐሴ ግን ሐይቅ የሚያምጥ።

ሌላው ዘበኛ ሌባ ይጠብቃል፣
የኔ ሌባ ከሥር፣ ከአፈሩ ይፈልቃል።
ስሜ ደብተሩ ላይ «የፓምፕ ኦፕሬተር»፣
ሥራዬ መስማት ነው፣ ቀን ማየት፣ ሌት መቁጠር።

ሰኔ ላይ ሲመጣ ቀለሙ ሳይነካ፣
ቱቦውን በርሜል ውስጥ ሰድጄ ስለካ፣
አርባ ስል ጢም አለ።
መጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ በከሰል አርባን ጻፍኳት፣
ሐምሌ ሲጋመስ አምሳ አምስት ሆና አገኘኋት።
በፍልሰታ ሰባ። ከዚያ ሰማንያ ስምንት።
ቱቦው አልታጠፈም። ወንፊቱም ንጹሕ ነው፣
እጄን ሰድጄ አይቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ እስከ ብብት።

ለፎርማን ዘውገ ነገርኩት።
«ይሠራል አይደል?» አለኝ።
ይሠራል። የታመመ በሬም ይሠራል፣
ቀንበሩ ያቆመዋል፣ ትልሙ ግን ይናገራል።

እሑድ ከገላን መጣ ጉተማ በእግሩ፣
አንድ ካቻቢቴ ነው ጠቅላላ ዕቃው፣ በብብቱ ሥሩ።
ጫፉን ከፓምፑ፣ እጀታውን ከጆሮው አስደግፎ፣
ዐይኑን ጨፈነ፣ ከኛ ጫጫታ አልፎ።
«ና ስማ» አለኝ።
ሰማሁ፦ ጠጠር ያልተለቀመለት ቆሎ
የሚያኝክ ሰው አለ እዚያ ውስጥ፣ አፉን ሞልቶ፣ ቶሎ ቶሎ።
«ኩሽኔታው ነው» አለ፣ ሌላም ቡሎን ፈታ።
ማር መስሎ የገባው ዘይት አጓት መስሎ ወጣ፣
«ሲሉ ተበልቷል፤ ውሃ ቤቱ ገባ፣ ባለቤቱን ሊያስወጣ።»
ክንፉን አሳየኝ በመጨረሻ፦
አሸዋ ሲስለው የከረመ፣
ከማጭድ የሳሳ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ።

ሲገጥመው ነው የነገረኝ፣ ፊቱን ሳያዞር፦
«ስለጮኸ አትፍራው። ድምፁን ሲለውጥ ፍራ፣
ገላውን ዳስሰው፤ መዳፍህ ካልቻለው፣ ውስጡ አለ መከራ።
አንዱ ብቻ ቢያልቅ ቀይረህ ታድነው ነበር፤
ሁሉም አብረው ካለቁ ግን ጥገናው ሬሳን መኳል፣
ያንን ብር ያዝና አዲስ ግዛ፣ ይሻልሃል።»

ዘውገ ብር ቆጠረ። እኔ በርሜል። መቶ አራት።
«ከዘመን መለወጫ በኋላ» አለ።

ጳጉሜን ሁለት፣ ሌሊት፣
የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም። ዝምታ ነው።
እንቁራሪት ሰማሁ።
ሦስት ወር እዚያ ስተኛ
እንቁራሪት መኖሩን አላውቅም ነበር።
ፓምፑ ነክሶ ቀርቷል፣ ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል።
ባትሪዬን ወደ ታች አበራሁ፦
ፌሮው እስከ አንገቱ ገብቷል፣
ካሳፎርማው እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፣
የአንድ ሰው ቦቲ፣ ግራ እግር፣ ዙሪያውን ይዞራል።

ሠላሳ ሰው በባልዲ፣ ሦስት ቀን፣ እየተቀባበለ።
አበሉ ሲደመር አለፈ የአዲስ ፓምፕ ዋጋ፣
ዘውገ ድምሩን አየ። ምንም አላለም። ደብተሩን ዘጋ።

አሮጌውን ቁራሌው መዝኖ ወሰደው፣ በኪሎ።
ሲጭነው ትንሽ ውሃ ከአፉ ፈሰሰ፣
ያላስረከበው ቀርቶ ኖሮ።

አዲሱ ቀይ ነው። ሠላሳ ስድስት ስል በርሜሉ ሞላ።
አርባዋን ከቆርቆሮው አልፋቅኋትም፣
ከጎኗ ጻፍኩት።
የራሴን ካቻቢቴ ገዛሁ።
ማታ ማታ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ፣ ምንም ሳይጎድለው፣
ጉተማ ቢያየኝ ይስቅ ይሆናል።
እንግዳ ነው፣ ገና አላወራኝ፣
ጤናውን ላጥናው፣ ሕመሙ ሲመጣ እንዳይሸሸገኝ።